ስልኩስ ይመዘግባል፤ ማን ያነበዋል?

ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ትናንት ስንት እርምጃ እንደሄድን ያውቃል። አብዛኞቻችን ቁጥሩን አይተን «ዛሬ እኮ አስር ሺህ ገባሁ» ብለን ስክሪንሾት እንለጥፍና እንረሳዋለን። ለአንዳንድ እኩዮቻችን ግን ይኸው ቁጥር ጨዋታ አይደለም። ከባለፈው ወር ይልቅ በዚህ ወር አረማመዳቸው ከዘገየ፣ ወይም ቀኝ እጃቸው ስክሪን ላይ እንደ ድሮው አልታዘዝ ካለ፣ ነገሩ ትልቅ ትርጉም አለው። የማወራው መልቲፕል ስክለሮሲስ ስላለባቸው ሰዎች ነው። በአጭሩ ኤምኤስ ይባላል።

ስሙን ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አይገርመኝም። ነርቮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ አላቸው፤ ማየሊን ይባላል። ኤምኤስ ያለበት ሰው ከበሽታ ሊጠብቀው የሚገባው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ዞሮ ይህንን መሸፈኛ ያጠቃል። ጥቃቱ አንጎል፣ ህብለ ሰረሰር ወይም የዓይን ነርቭ ላይ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን የሚወስነው የተላጠው ቦታ ነው። አንዱ ግማሽ ቀን አንድ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ሌላዋ እግሯ ይደነዝዛል፣ ሌላው ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ብዙዎቹን ደግሞ እንቅልፍ የማይፈታው ድካም ይይዛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ዲግሪ ተይዞ ሥራ በሚፈለግበት፣ ትዳር በሚታሰብበት ዕድሜ ማለት ነው። ሴቶችን ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይይዛል። ዓለም አቀፉ የኤምኤስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አትላስ መሠረት በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖራሉ።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ይበዛል፣ እኛ አካባቢ ያነሰ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከሕንድ ክፍለ አህጉር የሄዱ ወላጆች እዚያ የወለዷቸው ልጆች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከወላጆቻቸው ርቆ ወደ አገሬው ሰው እንደተጠጋ አሳይቷል። ስለዚህ ስዊድን ወይም ሚኒሶታ የወለደች አክስት ያለችው ሁሉ ስሙን ቢያውቅ አይጎዳም። እዚህም ቢሆን ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም። ያነሰ መሆኑ ያመጣው ጣጣ ቢኖር ቶሎ አለመጠርጠሩ ነው። መጥቶ የሚሄድ መደንዘዝ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚባለው ወይ «ጭንቀት ነው» ነው፣ ወይ «የሰው ዓይን ነው»።

አሁን ወደ ሐኪሙ ክፍል እንግባ። ኤምኤስ ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት ምልክቱ እየመጣ እየሄደ ነው የሚያስቸግራቸው። ቀጠሮ ደግሞ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር ነው። ታማሚዋ ረጅም ወረፋ ጠብቃ ትገባለች፤ ዶክተሩ «እሺ፣ እንዴት ከረምሽ?» ይላታል። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አለቀ። ስድስት ወር ሙሉ የሆነው ሁሉ በዚህች መልስ ተጠቀለለ። ብትናገርም የምታስታውሰው ያለፈውን ሳምንት ነው። ያለፈው ሳምንት ጥሩ ከነበረ ከሦስት ወር በፊት ደረጃ ላይ የከዳት እግሯ ከታሪኩ ይወጣል። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የሰው ማስታወስ እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ሐኪሞቹ የሚለኩበት መሣሪያም ቢሆን ሸካራ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚጠቀሙበት ኩርትዝኬ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ከ0 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ ነው። 4 ላይ ያለ ሰው ያለ እርዳታና ያለ እረፍት 500 ሜትር ያህል ይራመዳል። 6 ላይ ሲደርስ 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ ያስፈልገዋል። በ4 እና በ6 መካከል ያለውን ኑሮ አስቡት። ሥራ መሄድና አለመሄድ፣ ብቻ መኖርና አለመኖር እዚያ መሃል ነው ያለው። ያንን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ማየት ለኔ የአንድን አገር የዋጋ ንረት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ መርካቶ ወርዶ እንደመለካት ነው።

ስልክ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የስዊዘርላንዱ መድኃኒት አምራች ሮሽ ፍለድላይት የሚባል አፕ አሠርቷል። ስልኩን ወገባችሁ ላይ ታስሩና እየተራመዳችሁ አምስት ጊዜ ትዞራላችሁ፤ ሴንሰሩ የአዟዟራችሁን ፍጥነት ይለካል። ስክሪኑ ላይ ቲማቲም ብቅ ይላል፣ በሁለት ጣት ትጨፈልቁታላችሁ፤ የጣቶቻችሁን ቅልጥፍና ያያል። በ90 ሰከንድ ውስጥ ምልክቶችን ከቁጥር ጋር ታዛምዳላችሁ፤ ይኸኛው የአእምሮ ፍጥነትን ነው የሚለካው። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ክሊኒክ ውስጥ ከሚሠሩ ምርመራዎች የተቀዳ ነው። ባርሴሎናና ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤምኤስ ካለባቸው 76 ሰዎችና ከሌለባቸው 25 ሰዎች ጋር ለ24 ሳምንታት ተሞክሮ ታማሚዎቹ ከሳምንቶቹ 70 በመቶ ያህሉን ምርመራውን ሠርተዋል። ለስድስት ወር የቤት ሥራ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። እኔ ከጂም ጋር ያለኝን ታሪክ ባልናገር ይሻላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ችግሩ የሚታየው አፑ ከጥናት ክፍል ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲፈስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በስልክ የተካሄዱ ስምንት የጤና ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ትንተና ታትሟል። ተሳታፊዎቹ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። አስም አለ፣ ልብ አለ፣ ድብርት አለ፤ ኖቫርቲስ የተባለው መድኃኒት አምራች ያሠራው ኤለቬት ኤምኤስም አለበት። ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ አፑን መጠቀም ያቆሙት በ5.5 ቀን ውስጥ ነው። አምስት ቀን ተኩል! በስድስት ወር የሚታይን ለውጥ ለመያዝ ታስቦ፣ ሰዉ ሳምንት ሳይሞላው ጥሎት ይሄዳል።

እኔን ኢኮኖሚክስ የተማርኩትን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ገንዘብ የተከፈላቸው ሰዎች የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ካልተከፈላቸው በ22 ቀን በልጧል። ሐኪማቸው «ይህንን ተጠቀሙ» ብሎ የላካቸው ደግሞ በ40 ቀን። ማነፃፀሪያው ፍጹም አይደለም፤ ጥናቶቹ የተለያዩ ናቸው። ቢሆንም ትምህርት ቤት «ማበረታቻ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ብር ነው። እዚህ ግን ከብር የበለጠ የሠራው «ሐኪሜ ያየዋል» የሚለው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ስታስቡት ግልጽ ነው። መመዝገብ ዋጋ አለው። በቀን አምስት ደቂቃ ትላላችሁ፣ ዋጋው ግን ደቂቃው አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቃት፣ ኤምኤስ ያለባት ጓደኛዬ አንድ አፕ አውርዳ በሁለተኛው ሳምንት አጠፋችው። ለምን ስላት «በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ‹በሽተኛ ነሽ፣ ተነሺ› እያለ ይቀሰቅሰኛል» አለችኝ። ዋጋው ይህ ነው፤ ደህና በሆነችበት ቀን እንኳ በሽታዋን ማስታወስ። ጥቅሙ ደግሞ ቢመጣ ከወራት በኋላ ነው፣ ያውም የሚያነበው ሰው ካለ። የሚያነበው ከሌለ ዋጋውን ብቻ ነው የምትከፍለው። ማቆሟ ስንፍና ሳይሆን ትክክለኛ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ የጤና አፕ ሳይ ስንት ግራፍ እንዳለው አልጠይቅም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው ወይ አልልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የጻፍኩትን ማን ያነበዋል?

አንዳንዴ መልሱ ደስ አይልም። ፍለድላይትን ያሠራው ሮሽ የኤምኤስ መድኃኒት ይሸጣል። ኖቫርቲስም ይሸጣል። ክሊዮ የሚባለውን አፕ ያወጣው ባዮጅንም እንደዚሁ። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ኩባንያዎቹ ባይከፍሉ ከአፖቹ ብዙዎቹ ባልተሠሩ ነበር። ግን ነፃ ሲሰጠን ሒሳቡን ማን እንደሚዘጋ ማወቅ ግድ ነው። ታማሚዎች ስለ ሕመማቸው የሚወያዩበት ፔሸንትስ ላይክ ሚ የተባለው ድረ ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የደረሰውን እናስታውስ። ሰዎች ስለ ስሜታቸው በግልጽ የሚያወሩበትን ክፍል ኒልሰን የተባለው የገበያ ጥናት ኩባንያ በሶፍትዌር ሲገለብጥ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጉድአርኤክስ የተባለው የመድኃኒት ዋጋ ማነፃፀሪያ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፏል ተብሎ በአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

«እኔ ምን የሚደበቅ አለኝ» የምትሉ፣ እስቲ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሁኑና አስቡት። ሥራ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ላይ ናችሁ። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው ስማችሁን ከ«ኤምኤስ» ጋር አያይዞ ቢያውቅ ምን ይወስናል? ጓደኛዬ ለመሥሪያ ቤቷ እስካሁን አልነገረችም። እኛ አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃንም የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል። ጥሩ ነው። ግን ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠን ማስታወሻ አዋጁ እጁን ዘርግቶ እስኪያመጣው ድረስ የመጀመሪያው ጠባቂ ራሷ ታማሚዋ ናት።

ጀርመኖች ጥያቄውን በሌላ መንገድ ነው የመለሱት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሐኪም አፕን እንደ መድኃኒት በማዘዣ ጽፎ ይሰጣል፣ የጤና መድኅኑም ይከፍላል። ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት አፑ ጥቅሙን በጥናት ማሳየት አለበት፤ በጊዜያዊነት የገባው ደግሞ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላሳየ ይሰረዛል። መጀመሪያ ከገቡት አንዱ ኤሌቪዳ ነው፤ በኤምኤስ ድካም ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራ ፕሮግራም። የከፈለው መድኅኑ ነው፣ ያዘዘው ሐኪሙ ነው፣ ተጠያቂው ይታወቃል። እኛ እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረናል፤ መድኅናችን ኤምአርአይና መድኃኒቱን ሳይጨርስ አፕ ይክፈልልን ብዬ አልከራከርም።

ግን አፑን ያጠፋችው ጓደኛዬ መመዝገቡን አልተወችም። ሁላችሁም የምትጠቀሙበት ቦታ ላይ ነው የምትጽፈው፤ ቴሌግራም ላይ፣ ለራሷ መልዕክት በምትልክበት ገጽ። (ቴሌግራም የዚህ ዓይነት መልዕክትን ከራሱ ከኩባንያው በሚደብቅ ቁልፍ አይቆልፍም። ስሟንና የበሽታውን ስም ስለማትጽፍበት እሷ ተመችቷታል። ስልኩ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ማስታወሻ ይሻላል ባይ ነኝ።) በየቀኑ አትጽፍም። አዲስ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። በፈቃዷ አንዱን ላሳያችሁ፦

«ድሬዳዋ። ግራ ዓይን ደበዘዘ። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ነበርኩ። ትኩሳት የለም። ሆቴል ገብቼ ሻወር ወሰድኩ፣ 10 ተኩል ላይ ለቀቀኝ።»

አንድ ግራፍ የለውም። ሐኪሙ የሚፈልገው ነገር ግን ሁሉም አለበት። ኤምኤስ ውስጥ «አገረሸ» የሚባለው አዲስ ምልክት መጥቶ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሳይኖር ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቆይ ነው። ያ ከሆነ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ሊታዘዝ ይችላል፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሙቀት ግን ቀድሞ የተጎዳ ነርቭን ለጊዜው ያደክመዋል፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ አዲስ ጉዳት አይደለም። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል። ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊትማ ሐኪሞች በሽታውን ለማወቅ ሰዉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። እና የድሬዳዋው ማስታወሻ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚለው፣ ሙቀት ነው የሚለው። ዶክተሩ አንብቦ «ይኼ አያሳስብሽ፣ ኮፍያ አድርጊ፣ ውሃ ጠጪ» አላት። ስቴሮይድ አላዘዘም።

ከወራት በኋላ ሌላ ጻፈች። የቀኝ እግር መደንዘዝ፣ ከእሁድ እስከ ረቡዕ፣ ትኩሳት የለም፣ አዲስ አበባ፣ ብርድ። ቀጠሮዋ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ስክሪንሾቱን ለዶክተሩ ላከችለት፤ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ አደረገ፣ ኤምአርአይ ታዘዘ፣ አዲስ ጠባሳ ተገኘ፣ መድኃኒቷ ተቀየረ። ስሜቱን ብቻ ይዛ ብትቀመጥ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። የማውቀው «ከእሁድ እስከ ረቡዕ» የሚለው ቃል ውሳኔ እንዳስወሰነ ነው። በልኩ ግን ይሁን፤ ኤምኤስ ያለበት ሰው እጁ በደነዘዘ ቁጥር ሰዓት ቢይዝ ኑሮው ሰዓት መያዝ ብቻ ይሆናል። አፕ ላይ ያለውን ነጥብ አይቶ መድኃኒት ማቆም ወይም መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ያቺ የምልክትና የቁጥር ማዛመጃ ለምሳሌ ሰው በደጋገማት ቁጥር ይለምዳታል፤ ነጥቡ ስለጨመረ ብቻ ተሻለኝ ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ኮድ የምትጽፉ ጓደኞቼን ላናግር። በየውድድሩ «የጤና አፕ» ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፣ ጎበዞች ናችሁ። በአማርኛ የተሠራ የኤምኤስ መከታተያ ፈልጌ ግን አላገኘሁም። እንተርጉመው የምትሉ ከሆነ ቆም በሉ። «ድካምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» የሚለውን እናቴን ብትጠይቋት ትስቅባችኋለች። በአማርኛ ደከመኝ፣ ዛልኩ፣ ሰውነቴ ተሰበረ፣ ጉልበቴ ከዳኝ ይባላል፤ አራቱ አንድ አይደሉም። መደንዘዝ ሌላ፣ መንዘር ሌላ፣ ጉንዳን እንደወረረው መሆን ሌላ ነው፤ ለነርቭ ሐኪም ልዩነቱ ወርቅ ነው። በቁጥር ፋንታ «ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤትሽ ስንት ጊዜ ቆመሽ አረፍሽ?» በሉ። መንገዱ ያው ነው፣ እሷም ያቺው ናት፤ ባለፈው ወር ዜሮ፣ በዚህ ወር ሁለት። ኩርትዝኬ 500 ሜትር ያሉት እኮ ይኼንኑ ነው።

ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ «ጠዋት 2» ብላ የጻፈችውን ስልኩ ሌሊት ስምንት ሰዓት አድርጎ ከተረዳው ማስታወሻው ሁሉ ይበላሻል። ኔትወርክ ሲጠፋም ይሥራ። ስልኩ ላይ ብቻ ይቀመጥ። በየጠዋቱ አይጩህ። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት አንድ ገጽ ያውጣ፦ ምን አዲስ ነገር መጣ፣ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ቆየ፣ ትኩሳት ነበር ወይ፣ ሙቀት ነበር ወይ፣ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አረፈች።

አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ያንን ገጽ ባዶውን በወረቀት ሥሩትና አንድ የነርቭ ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ውጭ የተሰለፈው ታማሚ ብዙ ነው፣ ለአንዱ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። በሁለት ደቂቃ አንብቦት ጥያቄ ከጠየቀ ሥሩት። ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠው፣ የትኛው መስመር እንደማያስፈልገው ጠይቁትና ሰርዙት።